ስማቸውን የለቀቁ ድስቶች

ከሁሉ አስቀድሜ እንድታውቁልኝ የምፈልገው የኮምፒውተር ተማሪ አለመሆኔን ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ገና ዲፓርትመንት አልመረጥኩም። እንደማንኛውም ፍሬሽማን ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና እንግሊዝኛ ነው የምማረው። ይህን ለእናቴ ብዙ ጊዜ አስረድቻታለሁ። እሷ ግን ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት ኮምፒውተር መማር ማለት ነው ብላ ስለወሰነች ሰፈሩም በሙሉ እንደዚያው ወስኗል። የአንዱ ስልክ አልከፈት ሲል፣ የሌላው ቴሌቪዥን ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ሲቀር፣ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። የእኔ ችግር ደግሞ ሰው ማስደሰት መውደዴ ነው። «አላውቅም» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና «እስቲ ልየው» ሆኖ ይወጣል።

እስካሁን ያልለቀቀኝ ድካም የመጣው ከዚሁ «እስቲ ልየው» ነው።

ታላቅ ወንድሜ ናቲ ሊያገባ ነበር። አዳማ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው፣ ምግቡን በኮንትራት አሠርተው፣ ራሳቸው እንደ እንግዳ ተቀምጠው የሚደግሱ ሰዎች አሉ። እኛ ግን በራችን ላይ ድንኳን ተክለን፣ ዕቃ ከየጎረቤቱ ተውሰን ነው የምንደግሰው። እሳት ላይ የሚጣዱት የዕድሩ ትልልቅ ብረት ድስቶች ናቸው። ወጡ የሚቀርብባቸው ድስቶች፣ ትሪው፣ ጆጉና ፔርሙሱ ግን የሰው ነው። አሉሚኒየም ድስት ደግሞ ሁሉም አንድ መልክ ስላለው እያንዳንዷ እናት የራሷ ምልክት አላት። አንዷ ከድስቷ ሥር በጥፍር ቀለም ነጥብ ታደርጋለች። ሌላዋ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር ታስራለች። በምስማር የባሏን ስም የመጀመሪያ ፊደል የጫረችም አለች። በሰርግ ማግስት እናቶች ድስት እየገለበጡ ሥሩን ሲያዩ ላየ ሰው፣ ክትባት የሚሰጡ ነርሶች ይመስሉታል።

አሠራሩ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከእኛ በፊት በነበረው ሰርግ፣ ከታች ሰፈር ሁለት ሴቶች ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብተው ኖሮ አንድ ትሪ ላይ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዷ ስልኳን፣ ሌላዋ ሰማዩን ታያለች። እናቴ ይህን እያሰበች ምግብ አልበላ አላት።

«ልጅ መዳሩ አይደለም ያስጨነቀኝ፤ ዕቃው ነው» አለችኝ ሽንኩርት እየላጠች። «የሰው ዕቃ ተውሼ ለባለቤቱ ሳላደርስ ብቀር በዚህ ሰፈር በየት በኩል አልፋለሁ? በተለይ የሙሉና የሃዳ ጫልቱ ድስት።»

እትዬ ሙሉ በግራ በኩል ያሉ ጎረቤታችን ናቸው። ሃዳ ጫልቱ፣ የጫልቱ እናት ማለት ነው፣ በቀኝ በኩል። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። ትልልቅ ድስቶቻቸውን የገዙትም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ እየተመካከሩ ነው። ሁለቱን ድስቶች የሚለየው ከእትዬ ሙሉ ድስት ሥር ያለው ሮዝ ነጥብ ብቻ ነው። እናቴ የፈራችው ይህ ሁሉ ወዳጅነት በእኛ ድግስ ምክንያት በአንዲት ነጥብ እንዳይበጠስ ነበር።

«ለምን የየሰዉን ስም በኮምፒውተር ጽፈን አንለጥፍበትም?» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ይቻላል?»

«እስቲ ልየው።»

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስቲከር ወረቀት ገዛሁ። ጀርባው የሚላጥ፣ ፊቱ የሚያብለጨልጭ፣ የሚያምር ወረቀት ነው። ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ጠርዙ ከሙቀቱ የተነሣ መጠቅለል ጀመረ። እንግዲህ የአዳማ ሰው ሙቀት ለነካው ነገር ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ እሱም ፍሪጅ ነው። እኛ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ከምግብ ሌላ ሊፒስቲክ፣ ሻማ፣ የዓይን ጠብታና የአባቴ የሬዲዮ ድንጋይ ይኖራሉ። ስለዚህ ስቲከሩን በጥንቃቄ ከቲማቲሙ ጎን አስተኛሁት። በማግስቱ ሳወጣው ቀጥ ብሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ትንሽ ወዛ ብሎ አገኘሁት። በራሴ ኮራሁ።

የክፍል ጓደኛዬ የብሩክ ወንድም ከዩኒቨርሲቲያችን በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ክፍል በሌለን ሰዓት ብሩክ ነው ተቀምጦ የሚሠራው። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

«ይሄ ፕሪንተር ስቲከር ያወጣል?»

«ይሄ? ይሄ ላዛኛ ብታስገቢለትም ያወጣል» አለ ብሩክ።

እውነቱን ነው፤ ወጣ። «ወ/ሮ ሙሉ» በደማቅ ፊደል፣ ዙሪያውን አበባ ተደርጎለት። አበባውን ለመምረጥ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። አንስቼ ላደንቀው ጣቴን ሳሳርፍበት «ሙሉ» ወደ ጣቴ ተዛወረች። ወረቀቱ ላይ የቀረው «ወ/ሮ» ብቻ ሆነ።

«አልደረቀም እኮ፣ ምን አስቸኮለሽ?» አለ ብሩክ።

«በስንት ደቂቃ ይደርቃል?»

«እንደ ቀለሙ ነው።»

ሁለታችንም የምናወራውን አናውቅም ነበር። ቶነር የሚባለው የማሽኑ ቀለም ፈሳሽ ሳይሆን ደረቅ ዱቄት መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠን ዱቄት እስኪደርቅ ጠበቅን። ብሩክ አልፎ አልፎ እፍ ይልበታል። እፍ ባለ ቁጥር አንድ ፊደል ይጎድላል።

ከዚያ በኋላ ብሩክ በመጣሁ ቁጥር አዲስ ምርመራ ይዞ ይጠብቀኝ ጀመር። አንድ ቀን «ቶነሩ ፌክ ነው» ብሎ ቶነሩን ቀየረ። ሌላ ቀን «መብራቱ ደክሟል፣ ማሽኑ አልጠገበም» አለ። በሚቀጥለው «ወረቀቱ ነው፣ ወረቀትሽ ሙድ የለውም» አለ። እኔም ወረቀቱን ወደ ቤት መልሼ ትንሽ እንዲያርፍ ብዬ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። በሚገባ አቀዝቅዤ በማግስቱ እንደገና እወስደዋለሁ። ውጤቱ እንደውም እየባሰ ሄደ። መጀመሪያ በጣት ሲነካ ይለቅ የነበረው ስም በኋላ ላይ ሰው ሲያየው ይለቅ ጀመር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ቤት ውስጥ የሞከርኩትን ሁሉ አልዘረዝርም፤ ያደክማል። ፀሐይ እንዲመታው ጣሪያ ላይ አሰጣሁት፤ የአዳማ ንፋስ ግማሹን አንስቶ ማን ግቢ እንዳደረሰው አላውቅም። የጸጉር ስፕሬይ ነፋሁበት፤ ስሞቹ ሁሉ እንዳለቀሰ ሰው ኩል ወደ ታች ወረዱ። በመጨረሻ ካውያ ትዝ አለኝ። ተጭኖ ይያዝ ብዬ የእትዬ ሙሉን ስቲከር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የጋለውን ካውያ አሳረፍኩበት። ሳነሣው ወረቀቱ ባዶ ነው። ስሙ የት ሄደ ብዬ ጠረጴዛውን አየሁ፣ ወለሉን አየሁ። ካውያውን መገልበጥ ግን አላሰብኩም። ነቅዬ አስቀመጥኩትና ወደ ክፍል ሄድኩ።

ያን ቀን ከሰዓት ናቲ የሰርግ ሸሚዙን ሊተኩስ ተነሣ።

እናቴ ደውላ ጠራችኝ። ስደርስ ነጩ ሸሚዝ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል። ከታች ጫፉ ላይ «ወ/ሮ ሙሉ» ይላል፤ አበባው ሳይቀር ቁጭ ብሏል። ወረቀት ላይ አልይዝም ብሎ ያሰቃየኝ ቶነር ጨርቁን ይዞ አልለቅም አለ። በሳሙና አሸነው፤ በሎሚ አሸነው። ሸሚዙ እየነጣ ሲሄድ ስሙ ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

«ሱሪ ውስጥ ይገባል» አለች እናቴ በመጨረሻ፣ እጇን እየጠረገች።

«እማዬ፣ የእትዬ ሙሉን ስም ለብሼ ላግባ?» አለ ናቲ።

«ምን አለበት? አዝላ ያሳደገችህ ናት። ብቻ ቀበቶህን ጠበቅ አድርገው።»

አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ቆም ብሎ፣ «ይህ ነገር የሚይዘው ለካ ሙቀት ሲያገኝ ነው» ይል ነበር። እኔ ያልኩት ግን ሁለተኛ ካውያ የሚባል ነገር አልነካም ነው። ሰርጉ ደርሶ ነበር፤ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ድስቶቹ ግቢያችን ውስጥ ተደርድረው ስማቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ስሞቹን በማይነካ እጅ፣ ትንፋሼን ይዤ ድስቶቹ ጎን ላይ ለጠፍኩና በላያቸው ግልጽ ፕላስተር ሸፈንኩባቸው። አሁን ቢነኩትም አይለቅም። ደስ አለኝ። ደስታዬ ልክ ስላጣ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ ሠራሁ። በአንድ ድስት ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ሰው ያደናግራል ብዬ አሰብኩ። ምላጭ አምጥቼ የጥፍር ቀለሙን ሁሉ ፋቅኩ። ክሮቹን በጣጠስኩ። በምስማር የተጫረውን እንኳ በአሸዋ አሽቼ አጠፋሁ። ማንም አላዘዘኝም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ነው የሠራሁት፤ እናቴ በአጠገቤ ስታልፍ «ተባረኪ» ብላኛለች።

ሰርጉ አማረ። ዘማሪዎቹ ዘመሩ፣ ምግቡ በቃ፣ የናቲ ቀበቶም አልላላም። ችግሩ የመጣው ከሻሸመኔ ከመጡት አክስቶቼ ነው። አክስቶቼ እንግድነት አይሆንላቸውም። የመጨረሻው እንግዳ ከድንኳኑ ሳይወጣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ዕቃውን ሁሉ በፈላ ውኃና በሳሙና ዘፈዘፉት። ከዚያ በቃጫ እየፈተጉ አጠቡት። ፕላስተሩ በሙቁ ውኃ ተላቀቀ፤ ቶነሩ ፕላስተሩን ተከትሎ ሄደ። እኔ ስደርስ ድስቶቹ ፀሐይ ላይ ተደፍተው እንደ መስተዋት ያበራሉ። ሁሉም ጎን ላይ አንድ አንድ ነጭ ወረቀት አለ። በወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ስቲከሩ ራሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

እናቴ አንዱን ድስት አንስታ ገለበጠችው።

«ነጥቡስ?»

«ፍቄዋለሁ።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

አልተቆጣችም። ድስቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ጎኑ ተቀመጠች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቶች ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። እናቴ የሆነውን ነገረቻቸው፤ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ ነው የነገረቻቸው። ከዚያ ሁላችንም ጠቡን ቁጭ ብለን ጠበቅን። በትልቅነታቸው ከሌሎቹ የሚለዩት የእትዬ ሙሉና የሃዳ ጫልቱ ድስቶች ጎን ለጎን ናቸው። አንደኛው በሰርጉ ግርግር ወድቆ ጎኑ ጎድጎድ ብሏል። ሌላው ደህና ነው።

እትዬ ሙሉ ወደ ጎድጓዳው ተጠጉ። «የእኔ ይሄ ነው። አንቺ ያንን ውሰጂ።»

«ምን በወጣሽ፣ የእኔ ነው እንጂ ይሄ» አሉ ሃዳ ጫልቱ እጀታውን ያዝ አድርገው። «ያ የሚያበራው ያንቺ ነው። አንቺ ነሽ ዕቃ የምታሺ።»

«ወገቤን እያመመኝ ምኑን አሻለሁ? ያንቺ ልጆች ናቸው የሚያሹልሽ።»

«ልጆቼማ ስልክ ነው የሚያሹት። ሙሉ፣ ተይ አታድክሚኝ፣ ደህናውን ውሰጂ።»

«አልወስድም።»

«እኔም አልወስድም።»

ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ሄዱ፤ በር ላይ እንኳ አንቺ ቅደሚ አንቺ ቅደሚ ተባብለው ነው የወጡት። የቀሩት ሴቶች ይህን አይተው ምን ያድርጉ? ከዚህ በኋላ ደህና ትሪ ወይም አዲስ ፔርሙስ ያነሣች ሴት ሆዳም ልትባል ነው። አንዷ «ቸኩያለሁ፣ ሌላ ቀን» አለች። ሌላዋ «የእኔ ዕቃ ምን አላትና፣ ይቆይ» አለች። ግቢው ባዶ ሆነ። ዕቃው በሙሉ እኛ ጋ ቀረ።

ተጣልተው ቢሆን ኖሮ እናቴ ምን እንደምታደርግ ታውቅ ነበር፤ ሽማግሌ ትልክ ነበር። ይሉኝታን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ግን ከየት ይመጣል?

ቤታችን መጋዘን ሆነ። ሳሎኑ ውስጥ በድስቶች መካከል በጎን ነው የምናልፈው። ሌሊት ትሪ ይወድቅና አባቴ «ማነው?» ይላል። የባሰው ደግሞ ጎረቤቶቻችን ዕቃ ሲያስፈልጋቸው ከእኛ መዋስ መጀመራቸው ነው። አንዲት እናት ለልጇ ልደት መጥታ «ያንን ፔርሙሴን... ማለቴ ያንን ፔርሙስ ለዛሬ ታውሱኛላችሁ?» ብላ ወስዳ፣ ማታ አጥባ መለሰች። እናቴ ዕቃ ስትሰጥና ስትቀበል ትውላለች። ከሰርጉ ይልቅ ከሰርጉ በኋላ ያለው ሰርግ አከሳት።

እኔ ያን ሁሉ እያየሁ አንድ ነገር ካላስተካከልኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ገባኝ። ወደ ብሩክ ሄጄ የፕሪንተሩን ሴቲንግ አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። የወረቀት ዓይነት የሚል ምርጫ አለ። «ተራ ወረቀት» ላይ ነው የተቀመጠው። ከሥሩ «ስቲከር» የሚል አለ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር። ማሽኑ የሚገባለት ነገር ስቲከር መሆኑን ካልነገሩት እንደ ተራ ወረቀት ቶሎ ያሳልፈዋል። ከነገሩት ግን ቀስ ይላል፣ ውስጡ ያለው ማሞቂያም ይበልጥ ይግላል፤ ዱቄቱ ቀልጦ ወረቀቱን ይይዛል። የሸሚዙ ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ዱቄት ከመጀመሪያው የፈለገው ሙቀት ነው። አዳማ የሚያህል ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ፣ እኔ ቲማቲም ጎን ሳስተኛው ከረምኩ።

ሌዘር ለሚባለው፣ በዱቄት ለሚያትመው ፕሪንተር የሚሆን አዲስ ስቲከር ገዛሁ። ፍሪጅ አላሳየሁትም። ምርጫውን ቀይረን ስናትም ወረቀቱ እያዛገመ፣ ትኩስ ሆኖ ወጣ። በጣቴ አሸሁት፤ አለ። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ አለ። ብሩክ ውኃ አፈሰሰበት፣ ከዚያ በሱሪው ጠረገው፤ አሁንም አለ።

«አለቀ፣ አሁን የእያንዳንዱን ስም አውጪ» አለ ብሩክ።

«የቱ ድስት የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ብሩክ ፕሪንተሩን አጠፋው።

ቤት ሄጄ እናቴን ጠየቅኳት። ትሪ እያጠበች ነበር፤ የማን ትሪ እንደሆነ አይታወቅም።

«የሰፈሩ ብለሽ ጻፊ» አለች። «ደክሞኛል። የሰፈሩ ይሁን።»

«የሰፈሩ» ብዬ አተምኩ፤ ያለ አበባ። በእያንዳንዱ ድስት፣ በእያንዳንዱ ትሪና ፔርሙስ ላይ ቀጥ አድርጌ ለጠፍኩ። ከዚያ ሁሉንም በፈላ ውኃና በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት፤ አክስቶቼን አስቤ። አንድም ፊደል አልለቀቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ ጨረስኩ ብዬ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ሙሉ መጡ። ሳሎን ገብተው በድስቶቹ መካከል በጎን አልፈው፣ ከዚያ ጎድጓዳ ካልሆነው ድስት ፊት ቆሙ። ስቲከሩን አነበቡ። እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ምን ሆኑ፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ምንም፣ ልጄ።» የእጀታውን ብሎን በጣታቸው አሳዩኝ። «ይቺ እኮ የእኔ ናት። ብሎኗ ወልቆ ልጄ በሌላ ቀይሮልኝ ነበር፤ ይኸው፣ ይሄኛው ቢጫ ነው።»

«ያን ዕለት ያውቁ ነበር?»

«ገና ከበር ስገባ።»

«ታዲያ ለምን አልወሰዱትም?»

እትዬ ሙሉ በጣም የሚያሳዝን ሰው እንደሚያዩ ሆነው አዩኝ። «ወዳጄ ጎድጓዳውን ይዛ እያየኋት፣ ደህናውን በገዛ እጄ ላንሣ? እናትሽ አንስታ ብትሰጠኝ እሺ እል ነበር። ቆሜ ጠበቅኳት እኮ። እሷም ቆማ ጠበቀችኝ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች፤ የምታጥበው ዕቃ ድምፅ ቆሟል።

«አሁን ይውሰዱታ» አልኩ።

«አሁንማ ይዣት ብወጣ የሰፈሩን ድስት ወሰደች ነው የምባለው። እዪው፣ ተጽፎበታል።» ወደ ስቲከሩ ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ጫፍ ሞከሩት። «ይሄ ነገር አይለቅም?»

በጥፍሬ ሞከርኩ። በእርጥብ ጨርቅ ሞከርኩ። ፊደሎቹ ጥቁር እንደሆኑ፣ ደማቅ እንደሆኑ ናቸው።

«አይለቅም፣ እትዬ» አልኩ።

እትዬ ሙሉ ቀና አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በሉ እንግዲያው፣ ለቅዳሜ እንግዳ አለብኝና አውሱኝ።»

እናቴ ከጓዳ ወጣች፤ ድስቱን በሁለት እጇ አንስታ ሰጠቻቸው። ሰኞ ጠዋት አጥበው፣ አድርቀው፣ እንደ መስተዋት አብርተው መለሱት።